ጠያቂ

በጋሊሲያ ዳርቻ፣ ኮርቤይራ በምትባል መንደር፣
ባህር ዛፍ ስሙን ያወጣው እዚህ ይመስላል፤ ባህር ላይ ነው የሚያድር።
ግንዱ ተጋድሞ ተጋጥሞ፣
በየገመዱ ጥቁር ዛጎል ተሸክሞ፣
ማዕበል ሲንጠው ይኖራል፣ ዘንድሮም እንደ ከርሞ።
እኛም በሱ እንኖራለን። ዛጎሉ ጤና ሲሆን ጤና ነን፤
ባህሩ የታመመ ለት እጃችንን አጣጥፈን ዝናብ እናያለን።

ውሃውን የምትመረምር ኡሺያ ነበረች፤
ማክሰኞና አርብ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ባህር በጠርሙስ ትቀዳለች፤
ሰማያዊ መዝገብ ላይ፣ በእርሳስ፣ ቀኑን ትጽፋለች።

በካርመን በዓል ማግስት አሥራ አንድ ልጅ አስመለሰ።
የኔም ትንሿ ሳቤላ፣ ትራሷ በላብ ራሰ።
በዚያው ሌሊት ብራይስ ከስልኩ ላይ ጻፈ፤
አልተሳደበም፣ አልከሰሰም፣ ከጨዋ ደንብ መች አለፈ!
«የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው፣ እንዲያው ለነገሩ፤
ኡሺያ ምርመራ ከተወች ስንት ሆነ ወሩ?»

ተወች ወይ አላለም።
ስንት ወር ነው አለ።
ውሸቱ ከጥያቄው ቀድሞ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር፣
እኛ ደጃፍ ቆመን ወር ስንቆጥር።

አንዱ «ሦስት» አለ፤ አንዱ «ከፋሲካ ወዲህ»፤
አንዷ ደግሞ «እኔ የምጠይቀው፣ ማን ከፈላት ለዚህ?»
«ባሏ የፋብሪካው ሰው አይደል?»
ኡሺያ ባል የላትም።
«ታዲያ ባሏን ለምን ደበቀችው?»
ይህን የጠየቀ አላፈረም።

እኔም፣ የሳቤላ ትኩሳት መዳፌ ላይ እየጋለ፣
አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «አርብ ለታ ጀልባዋ የት ዋለ?»
የት እንደዋለ አውቃለሁ። ገመዱን የፈታሁላት እኔ ነኝ።
ግን ጥያቄ ነውና ከሐሰት የዳንኩ መሰለኝ።

በስፔን ጽሕፈት የጥያቄ ምልክቱ ሁለት ነው፤
አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ተገልብጦ ከፊት፤
መንጠቆ በዚህ፣ መንጠቆ በዚያ፤
መሐል ያለውን አስቡት።

መዝገቧን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልን፤
ቀን፣ ሰዓት፣ የጨው ልክ፣ ዝናብ ያደበዘዘው ፊርማ።
«ለመሆኑ ንጹሕ ሰው ይህን ያህል ይከላከላል?» የሚል ተሰማ።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፣ ያለ ሰው ኮርቤይራን አላወቀ፤
ስምንት ቀን ሙሉ መንደር ጠየቀ፤
ሊቅ አልወጣን። አንድ ሰው ግን ደቀቀ።

በስምንተኛው ቀን ከላብራቶሪ ወረቀት መጣ፤
ባህሩ ንጹሕ፣ ዛጎሉ ንጹሕ፤
በሽታው ከበዓሉ ሰላጣ፣
ፀሐይ ላይ ከዋለ ዕንቁላል ነው የመጣ።
ብራይስ ትከሻውን ሰበቀ፦
«እኔ መች ከሰስኩ? ጠየቅሁ እንጂ።»
እውነቱን ነው።
ጠያቂው መንደር ሙሉ፣ ተጠያቂ የለ።

ኡሺያ ሥራዋን ለቀቀች፤ ወዲያው ታመመች፤ መስኮቷን ዘጋች፤
ሁለት መቶ ጠያቂ የነበራት፣ አንድ ጠያቂ አጣች።

ትናንት ዝናቡ ጋብ ሲል፣
ዳቦና ስድስት ብርቱካን ይዤ ደጇ ቆምኩ።
መዝጊያው ላይ በኖራ የተሳለ ያው ምልክት፣ ተገልብጦ፤
በእጅጌዬ አበስኩ፤
አልለቀቀም።
አንኳኳሁ።

ከፈተች። ከስታለች።
ጫማዬን አየች፣ ብርቱካኑን አየች፣ ነጭ የሆነ እጅጌዬን አየች።
«አንሾ» አለች፣
«ልትጠይቀኝ ነው?»

አዎ ማለት ከበደኝ። አይደለም ማለት ከበደኝ።
አንዱ ብርቱካን ከከረጢቱ አምልጦ
በድንጋዩ ደረጃ እየነጠረ ወረደ፤
እስኪቆም ድረስ፣ እሷም እኔም
እሱን አየን።